የቡቺ ሐብል

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የውሻን ፎቶ በብር ሐብል ላይ ስለማስቀረጽ የተነሣው ንትርክ ሁሉ «የትኛው ፎቶ ያምራል?» ላይ ቆሞ ቀረ። እኔ ግን ፎቶው የሚመረጠው ለብረቱ ነው እላለሁ። የሚቀርጸው ሌዘር ቀለም አያውቅም፤ የሚያውቀው ብርሃንና ጥላን ነው። የሚቀረጽበት ቦታም ቢበዛ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቡቺ ሣር ላይ ሲንከባለል ከሩቅ የተነሣው፣ ሁላችሁም «ወይኔ!» ያላችሁለት ፎቶ እዚያ ላይ ሲደርስ የምስር ፍሬ ያክላል። ስለዚህ ፊቱ ይቅረብ፤ ሁለቱም ዓይኖች፣ አፍንጫው፣ በተለይ ደግሞ ጆሮው ሳይቆረጥ ይግባ። አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ የተጣጠፈ ውሻ ያለ ጆሮው ማንም ውሻ ነው። ቁልቁል የተነሣ ፎቶ ግንባሩን ያገዝፈዋል፤ ስልኩን አፍንጫው ሥር ከደቀናችሁ ደግሞ የሚተርፋችሁ አፍንጫ ብቻ ነው። ተንበርክኮ በዓይኑ ትክክል ማንሣት ይሻላል። ጥቁር ውሻና ጥቁር ድመት ያላችሁ፣ መስኮት አጠገብ አንሷቸው እንጂ ፍላሽ አታብሩባቸው፤ በዓይናቸው ውስጥ ከበስተኋላ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለ ዓይናቸው ያበራና ብሌኑ ይጠፋል።

ፎቶ ካነሣን ዘንድ የቴሌግራሙን ጉድ ሳልናገር አላልፍም። ጥሩው ፎቶ ለእህት ይላካል፤ እህት ለአክስት፣ አክስት ለቤተሰብ ግሩፕ። ከዚያ አንዱ ስክሪንሾት ያደርገውና ከነባትሪው 12 በመቶ ለወርቅ ሠሪው ይደርሳል! የስንቱ ቤት የሠርግና የክርስትና ፎቶ በዚህ መንገድ እንዳለቀ ቤቱ ይቁጠረው። ፎቶውን ሳትጨምቅ የምትልከው «ፋይል» የምትለዋ ምልክት እኮ እዚያው ናት፤ ምን አድርጋችሁ ነው የምትሸሿት?

«ለውሻ ደግሞ ሐብል!» ለምትሉ፣ የጃንሆይን ውሻ ሉሉን አስታውሱና እንለፍ። «የድሮ ስልክ ፎቶ ፒክሰሉ አይበቃም» የሚለው ግን መልስ ይገባዋል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢቀረጽ እንኳ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚፈልገው 236 ነጥብ ያህል ነው። ፊቱ ጠርቶ ፎቶውን ከሞላው የድሮውም ስልክ ይበቃል፤ የሚቸግረው ፊቱ ጥግ ላይ ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ ያውም ተጨምቆ ሲመጣ ነው። ከሁሉም የሚከብደው «ሞቷል፣ ያለኝ ፎቶ ይኸው የደበዘዘው ብቻ ነው» የሚለው ነው። በዚህ ላይ መቀለድ አይቻልም። በጎን የተነሣ ካላችሁ የፊቱን ጠርዝ ብቻ ማስቀረጽ ይቻላል፤ ያ ከደበዘዘ ፎቶም ይወጣል። እሱም ከሌለ ስሙ ብቻውን ይጻፍ። «በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ እናጥራው» የሚለውን ምክር ግን አትስሙ። ፕሮግራሙ የጠፋውን መልክ ከየትም አያመጣውም፤ ካያቸው ሌሎች ውሾች እየገመተ ይሞላዋል። ከፍላችሁ የማታውቁትን ውሻ አንገታችሁ ላይ ታንጠለጥላላችሁ።