ከሊሮይ ከተማ እስከ ሮቸስተር ማዕድ

በአሜሪካ፥ በኒውዮርክ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፥ ሊሮይ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። እኛም ከሮቸስተር ከተማ በመኪና ተነሥተን ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጓዝንና ደረስንባት። ኦክቶበር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ስለ ነበረ፥ የዛፎቹ ቅጠል ቀልቶ ይረግፋል፤ በየደጃፉም ዓይንና ጥርስ የተቀረጸባቸው ዱባዎች ተቀምጠዋል።

ከተማዪቱ የታወቀችው ጄሎ በሚባለው የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ ምግብ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. ፐርል ዌይት የተባለ አናጢና የሳል መድኃኒት ቀማሚ ጄላቲንን ከስኳርና ከፍራፍሬ ጣዕም ጋር ቀላቀለ፤ ባለቤቱ ሜይም ስም አወጣችለት። ገበያው ግን አልቀናውም። ስለዚህ በ1899 ዓ.ም. መብቱን ለኦሬተር ውድዋርድ በ450 ዶላር ሸጠ፤ ገዢውም በማስታወቂያ ብርታት ሀብታም ሆነበት። ፋብሪካው በ1964 ዓ.ም. ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወርም፥ ታሪኩ ዛሬ በከተማዪቱ ቤተ መዘክር ይታያል።

ጥቂት የጄሎ ጥቅል ገዝተን ወደ ሮቸስተር ተመለስን። በእንግድነት የተቀበለን ቤተሰብ ኢትዮጵያዊ ነው። ልጆቹ ኦክቶበር 31 ቀን ማታ ለሚውለው ለሃሎዊን ግብዣ ያዘጋጃሉ። ይህን በዓል ወደ አሜሪካ የወሰዱት የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ናቸው፤ ልጆች የሚያስፈራ ልብስ ለብሰው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይቀበሉበታል። የዚህ ቤት ልጆችም በሰው አንጎል አምሳል የተሠራ ጄሎ ለእንግዶቻቸው ለማቅረብ ቈርጠዋል።

እናታቸው ዱቄቱን በፈላ ውሃ አሟሙታ፥ እንዲነጣም የቆርቆሮ ወተት ጨምራ በአንጎል ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገለበጠችው። እኛም ጣዕሙ እንዲያምር ብለን ጥሬ አናናስ ከትፈን ጨመርንበት። በማግሥቱ ማቀዝቀዣውን ብንከፍት ያገኘነው ሾርባ ነበረ! ጥፋቱ የእኛ ነው። የጥሬ አናናስ ጭማቂ ጄላቲኑን ስለሚፈታው እንዲረጋ አያደርገውም፤ በቆርቆሮ የታሸገው አናናስ ግን በሙቀት ስላለፈ ጉዳት የለውም።

ልጆቹ ሲያዝኑ አያታቸው፥ «ልጄ፥ ይህ ነገር ከምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። እናትየዋም ጄላቲን ከከብትና ከዐሣማ ቆዳና አጥንት እንደሚወጣ ገለጠችላቸው። ቀኑ ጥቅምት 21 ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚጾመው የጽጌ ጾም አላለቀም። ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም አያቲቱ አይተዉትም። «እንግዲያው እኔ አልቀርብም፤ እናንተ ተደሰቱ» አሉ። ትንሹ ልጅ ይህን ሲሰማ፥ «አያቴ ካልበላች እኔም አልበላም» ብሎ አኰረፈ።

እናትየዋ ክርክር አልጀመረችም። ከባሕር ሣር የሚገኘውን አጋር የሚባለውን ዱቄት አወጣች። ለእያንዳንዱ ኩባያ የኮኮናት ወተትና ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ አጋር ጨምራ፥ እያማሰለች ጥቂት ደቂቃ አፈላችው። ስኳርና ለመልኩ ያህል የቀይ ሥር ጭማቂ ጠብ አደረገችበት። የቀረውንም አናናስ ጨመረችው፤ አጋርን አናናስ አይፈታውምና። ማቀዝቀዣ ሳይገባም ረጋ።

ማታ መብራቱ ዝቅ ብሎ፥ አንጎሉ የእንጆሪ ጭማቂ እንደ ደም ፈስሶበት ሲቀርብ ልጆቹ ጮኹ። እንደ ጄሎ ባይንቀጠቀጥም የሚያስፈራ ነበረ። አያቲቱም አማተቡ፤ ቀጥለውም፥ «ማንኪያ አቀብሉኝ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ትንሹም ልጅ ከጎናቸው ተቀመጠ።

እኛም ከዚህ ጉዞ ይህን ተምረን ተመለስን፦ ብልህ እመቤት ድግስ ስታሰናዳ አስቀድማ የምትጠይቀው ምግቡ እንዴት እንደሚያምር ሳይሆን፥ ከማዕዱ የሚቀር ሰው አለመኖሩን ነው።