ጥፋተኛ የሌለበት ስህተት



ከቤታችን እስከ ሰፈራችን መስጊድ ያለው መንገድ ለጤነኛ ሰው አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ግን ሩብ ሰዓት እንሄድበታለን። መንገዱ እኩሌታ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹ እስኪመለስ እጠብቀዋለሁ። ከንፈሩና የጣቶቹ ጫፍ ይጠቁራሉ። እሱ ግን በዚያ ሁሉ መሐል አላፊ አግዳሚውን በየስሙ እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል። ዘንድሮ 24 ዓመቱ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ዳውን ሲንድሮም የሚባለው ሁኔታ አለበት። ዛሬ የማወጋችሁ ይህ ሁኔታ ከየት እንደመጣና እኛ ቤተሰቦቹ ባለማወቃችን ምን እንዳጣን ነው።

እሱ ሲወለድ እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ ደግሞ 41 ዓመቷ ነበር። አራስ ጥየቃ የመጡት ሴቶች ሕፃኑን ገልጠው አዩና እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ “በቀትር ወንዝ ተሻግራ ጂን አግኝቷት ነው” አለች። ሌላዋ የሰው ዓይን ነው ብላ ደመደመች። አክስቴማ ፊት ለፊት “እርጉዝ ሆነሽ አርፈሽ ብትቀመጪ ኖሮ!” ብላ ተናገረቻት። እናቴ አንድም ቃል አልመለሰችም። ከዚያ በኋላ ግን ወንዙ ወዳለበት አቅጣጫ ስትሄድ አይቼ አላውቅም። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም፤ ልጆች እንዳይስቁብኝ ብዬ ወንድሜን ወደ መድረሳ ይዤው መሄድ ትቼ ነበር።

በዚያ ዘመን ግማሽ ቀን አስኳላ፣ ግማሽ ቀን መድረሳ እማር ነበር። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ማይቶሲስና ሚዮሲስ የሚባሉትን የሴል ክፍፍሎች ደረጃ በደረጃ ሸምድጄ ሙሉ ማርክ አገኘሁ። የተማርኩት ስለ ገዛ ቤቴ መሆኑን ግን አላወቅሁም። ነገሩ የተገለጠልኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህራችን የአንድን ሰው ክሮሞዞሞች ሥዕል ባሳዩን ዕለት ነው። ቆጠርኳቸው፤ 47 ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁላችንም የጀመርነው ከአንዲት ሴል ነው። ያቺ አንዲት ሴል ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት እየተከፈሉ ይህን አካል ይሠራሉ። አድገን ከጨረስን በኋላም ክፍፍሉ አይቆምም፤ ቆዳችን ይታደሳል፣ ቁስላችን ይሽራል፣ አንድ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል አገልግሎ በሌላ ይተካል። በአብዛኞቹ ሴሎቻችን ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች፣ ማለትም 23 ጥንዶች አሉ፤ ከየጥንዱ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት ነው። ሴሉ ሊከፈል ሲል እያንዳንዱን ክሮሞዞም አስቀድሞ ይገለብጣል፤ ከዚያም ቀጫጭን ክሮች ግልባጮቹን ወደ ሁለት ወገን እኩል ይስቧቸዋል።

እዚህ ላይ የመድረሳው ኡስታዜ ትዝ ይሉኛል። ሉሓችንን ከመታጠባችን በፊት አንድ በአንድ ያስነብቡን ነበር፤ አንዲት ፊደል የተዛባችበት ልጅ አያልፍም። ሴልም እንዲሁ መቆጣጠሪያ አለው። ሁሉም ክሮሞዞም ክሩን መያዙ ሳይረጋገጥ ክፍፍሉ እንዳይቀጥል ያዘዋል። ሱብሐነላህ! ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ ስህተት ያልፋል። ስህተቱ ባደገ ሰው አካል ውስጥ ተደራርቦ አንድ ሴል ቁም ሲባል የማይቆም ከሆነ፣ ካንሰር የምንለው በሽታ ከዚያ ሊነሣ ይችላል። ስህተቱ የሚደርሰው የእናት እንቁላል ወይም የአባት ዘር በሚዘጋጅበት ክፍፍል ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ይህ ክፍፍል ሚዮሲስ ይባላል። ሥራው 46ቱን ወደ 23 ማውረድ ነው። አንዳንድ ጊዜ 21ኛው ጥንድ ሳይለያይ ይቀርና ሁለቱም ወደ አንድ እንቁላል ይገባሉ። እንቁላሉ 24 ይዞ ይጠብቃል፤ ከአባት 23 ሲጨመር 47 ይሆናል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን ሁኔታውን በ1866 እ.ኤ.አ. ጽፎት ነበር፤ ምክንያቱ ግን ለብዙ ዘመን አልታወቀም። የሰው ክሮሞዞም 46 መሆኑ ራሱ የታተመው በ1956 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ተጨማሪውን 21ኛ ክሮሞዞም ዤሮም ለዠን፣ ማርት ጎቲዬና ሬሞን ቱርፒን የተባሉ ፈረንሳውያን በ1959 እ.ኤ.አ. አሳወቁ።

ለክረምት ዕረፍት ቤት ስመለስ እናቴ ሰፌድ ይዛ እህል ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ 23 ባቄላና 23 ሽምብራ ቆጠርኩና ጥንድ ጥንድ አድርጌ ደረደርኩላት። “ባቄላው ከእናትሽ፣ ሽምብራው ከአባትሽ የወረስሽው ነው እማ። እንቁላሉ ከየጥንዱ አንድ አንድ ብቻ ነው የሚወስደው” አልኳት። ከየጥንዱ አንዱን እያነሣሁ 21ኛው ላይ ስደርስ ሁለቱንም አነሣሁ። “የሆነው ይኸው ነው።”

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ “ታዲያ ወንዙን መሻገሬ አይደለም?” ስትል ጠየቀችኝ።

“አይደለም እማ። የሴት ልጅ እንቁላል ይህን ክፍፍል የሚጀምረው እሷ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች ነው። ጀምሮ ይቆምና ለዓመታት ይጠብቃል። ያንቺ ከ40 ዓመት በላይ ጠብቋል። ጥንዱን የሚይዘው ማያያዣ በዕድሜ ብዛት ይላላል። የተሳሳተው አንቺ ከማርገዝሽ በፊት ነው፤ ወይም በዚያው ሰሞን።”

እናቴ ባቄላና ሽምብራውን ወደ ሰፌዱ እየመለሰች “ይህንን ለአክስትህ ንገርልኝ” አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ለአክስቴ ነገርኳት። ያልደረስኩበት ግን የወንድሜን ልብ ነው። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ይህንን ካወቅሁ በኋላ ወደ ልብ ሐኪም ወሰድነው። ያኔ ዕድሜው አሥር ሊሞላ ነበር። ሐኪሙ በልቡ ክፍሎች መካከል ትልቅ ቀዳዳ እንዳለ፣ በሕፃንነቱ ቢሆን በቀዶ ሕክምና ይደፈን እንደነበር፣ አሁን ግን የሳምባው የደም ሥሮች ስለተጎዱ ጊዜው እንዳለፈ ነገሩን። እነዚያን ዓመታት ያሳለፍነው ጥፋተኛ ስንፈልግ ነበር። ትንፋሽ ባጠረው ቁጥር ጂን ነው እያልን ከአንዱ ወደ ሌላው ስናመላልሰው፣ ደረቱን ያዳመጠው ሰው አልነበረም።

ውድ ወላጆች፣ በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ካሉ እናቶች ከ1,500 ወሊድ በአንዱ ገደማ፣ በ35 ዓመት ከ350 በአንዱ፣ በ40 ዓመት ደግሞ ከ100 በአንዱ ገደማ ይህ ሁኔታ ያጋጥማል። ወጣት እናቶች በብዛት ስለሚወልዱ እንዲህ ያለ ልጅ በየትኛውም ቤት ሊመጣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚያስወርዳቸው እናቶችም ግማሽ ያህሉ ጽንሱን ያጡት በዚሁ በክሮሞዞም ቁጥር መዛባት ነው። እኛ በቀደር የምናምን ሰዎች ነን፤ በቀደር የሚያምን ሰው አራስ እናትን “ምን አድርገሽ ነው?” ብሎ ሊጠይቃት አይገባም። ይልቅስ ሕፃኑን አቅፋችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ልቡ ይታይ፤ ጆሮው፣ ዓይኑና የታይሮይድ ዕጢው ይመርመር። ቀጣይ ልጅ የምትሹ ከሆነ ደግሞ፣ በጥቂቶች ዘንድ በዘር የሚተላለፍ ዓይነት ስላለ ሐኪሙን ጠይቁ። በሀብታም አገሮች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እነዚህ ልጆች በአማካይ ከ25 ዓመት ብዙም አያልፉም ነበር፤ ዛሬ 60 ይጠጋሉ። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች ዋነኛው የልብ ሕክምና ነው።

ወንድሜ ፋቲሓን ለመያዝ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ከያዛት ወዲህ ግን አንዲት ፊደል አላዛባም። ዛሬም ለመግሪብ አብረን እንወጣለን። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ እቀመጥና ቦታ እለቅለታለሁ። እጁን በእጄ ይዤ የምሄድበትን መንገድ ከእንግዲህ ማሳጠር አልችልም፤ የናንተን ልጅ መንገድ ግን እናንተ ታሳጥሩታላችሁ፣ ኢንሻአላህ።