ቅሬው ያውቃታል

ዛሬ ጠዋት ሰፈራችን ያደገ የመካነ ሰላም ልጅ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ካመለከተባት ከካናዳ «ፓስፖርትህን ላክ» የሚለው ኢሜይል ደርሶታል። እልል ልል ስል ድምፁ ሰለለብኝ። «እታለም፣ እሷን እኮ አልጻፍኳትም» አለኝ።

እሱና ፍቅረኛው አዲስ አበባ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ወላጆቿ ዘንድ ሽማግሌ ሊላክ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሰርጉም እንዲሁ ዋለ አደረ። የካናዳውን ቅጽ ሲሞላ «ሰማንያ የለን፣ ቁርባን የለን፣ ምን ብዬ ሚስት ልበላት» ብሎ ያላገባ ነኝ አለ። ጉዳዩን የያዘለት ደላላም እንዲህ ካልክ ነጥብህ ከፍ ይላል ብሎት ነበር።

ወንድምዬ፣ በካናዳ ሕግ እንደ ባልና ሚስት አንድ ዓመት ሳትለያዩ አብራችሁ ከኖራችሁ የትዳር አጋርህ ናት፤ ሰርግ ኖረም አልኖረም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕጋችንም ቢሆን ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ያውቀዋል፤ ሦስት ዓመት ከዘለቀ በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ነው ይላል። ሳታስመዘግባት ቋሚ ነዋሪ ሆነህ ከገባህ ግን በኋላ «በቤተሰብ ላምጣት» ብትል ካናዳዎቹ 117(9)(ዲ) የሚሉት አንቀጽ በሩን ይዘጋባታል። በፈረንጆቹ 2019 የመጣው ማስተካከያ ለስደተኞችና በቤተሰብ ለገቡት ነው፤ እንዳንተ በሙያው በኤክስፕረስ ኢንትሪ የገባውን አይጨምርም። ዋሽተሃል ከተባልክ ደግሞ አምስት ዓመት መታገድ አለ። ነጥቡም ቢሆን ደላላው እንዳለህ አይደለም። የትዳር አጋርህ እውነት አብራህ የማትሄድ ከሆነ ነጥብህ የሚሰላው እንደ ላጤ ነው። ብቻ ስሟ ይግባ፣ የጤና ምርመራዋና የፖሊስ ማስረጃዋ ይታይ።

አሁን አብራችሁ ስለመኖራችሁ ማስረጃ አምጡ ሲባሉ ምን ያምጡ? ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። አከራያቸው ግብር ይመጣብኛል ብሎ ውል አልጽፍም ያለ ሰው ነው። መብራቱ በአከራይ ስም፣ ውሃው በአከራይ ስም፣ ኪራዩ በእጅ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል እኮ! አዲስ አበባ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ውሉን አስጽፉ፤ የሁለታችሁም ስም ይኑርበት።

አክስቴ ትዝ አለችኝ። እሷም ሰማንያ አልነበራትም። አብራው ትኖር የነበረው ሰውዬ ሲሞት ወንድሞቹ ከቤት ውጪ አሏት፤ «የማን ሚስት ነሽ?» ተባለች። የቅሬው፣ የዕድሩ ማለቴ ነው፣ ዳኛ ተነሡና «እናቷ የሞተች ጊዜ ድንኳን የተከልነው እዚህ ግቢ ነው። ሟቹ ለቅሶ የተቀመጠው እንደ አማች ነው። ስታለቅስ አብረናት ያለቀስናትን ሴት ዛሬ አናውቃትም ልንል ነው?» አሉ። ወንድሞቹ መልስ አጡ። አክስቴ እስክትሞት እዚያው ቤት ኖረች። ሳስበው አሁንም እንባዬ ይመጣል፤ አንድ ወረቀት ሳይኖራት፣ ሰው ቆመላት።

ስለዚህ ልጄ፣ ዛሬውኑ በዌብ ፎርሙ ጻፍላቸው። አብረን የኖርነው ከዚህ ቀን ጀምሮ ነው በል፣ ያልጻፍክበትን ምክንያት እንዳለ ንገራቸው፣ የአብሮ መኖር ቃለ መሐላውን ሁለታችሁም ፈርሙ። በቴሌብር የላከችልህን የኪራይ ድርሻ፣ ፎቶውን፣ የጎረቤት ምስክርነቱን ሰብስብ። ይዘገይ ይሆናል፤ ይዘግይ። ስሟ ሳይገባ ግን አውሮፕላን እንዳትሳፈር! ወሎ ቦረና ያሉ ሽማግሌዎችንም እኔ እደውልላቸዋለሁ፤ ድግሱ አይቀርም፣ ጠላውን ከአሁኑ አስጠንስሱ።