ታጁጅ፤ የሰቲት ዳር ፍቅርና ፊልሙ

ተከዜ ድንበራችንን ከተሻገረ በኋላ ሰቲት እየተባለ ሄዶ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል። ከገዳሪፍ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በዚህ አገር ሐምራን የተባለ ጎሳ ይኖር ነበር። በ1861 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር አብሯቸው አድኖ፣ በፈረስ ጋልበው ዝሆንን በሰይፍ የሚጥሉ ሰዎች መሆናቸውን በአድናቆት ጽፏል። ሱዳናውያን ግን ጎሳውን ይበልጥ የሚያስታውሱት ታጁጅ በተባለች አንዲት ውብ ሴት ነው።

የአጎቷ ልጅ ሙሐለቅ ፍቅሩን በዘፈን አደባባይ አወጣው። የሴትን ስም በዘፈን ማንሣት ቤተ ዘመዷን ማዋረድ ነበርና አባቷ ከለከሉት፤ ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ ግን ተጋቡ። አንድ ቀን ወዳጁን በስውር አስቀምጦ፣ ታጁጅን እርቃንሽን በፊቴ ተመላለሽ አላት። እርሷም አስቀድማ የምትጠይቀውን እንዲፈጽምላት አስማለችው፤ የጠየቀችውም ፍቺን ሆነ። ሙሐለቅ አእምሮውን ስቶ ተንከራተተ፤ እርሷም በኋላ በዘራፊዎች እጅ ወደቀች ይባላል።

ይህን ታሪክ ለክፍላችን አባላትና ለባለቤቶቻቸው በተረክሁ ጊዜ ወንዶቹ «በአንድ ቀን ስሕተት ትዳር ይፈርሳልን?» አሉ። አንዲት የሃምሳ አለቃ ባለቤት ወደ ባሏ ዘወር ብላ፣ «ፎቶግራፌን ከደረት ኪስህ እያወጣህ ለስንቱ ስታሳይ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችው። የሃምሳ አለቃው መልስ አልነበረውም፤ ክርክሩ ግን እስከ እራት ሰዓት ዘለቀ።

ታሪኩን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ «ታጁጅ» ብለው ወደ ፊልም የለወጡት ጋዳላ ጉባራ ናቸው። ለመሪው የወንድ ገጸ ባሕርይ የመረጡት ዕውቁን ድምፃዊ ሳላሕ ኢብን አልባዲያን ነበር። በእኔ ግምት ከዚህ የተሻለ ምርጫ አይገኝም፤ መከራው ከገዛ ዘፈኑ የመነጨን ሰው፣ ሕዝብ ድምፁን የሚያውቀው ዘፋኝ ቢጫወተው ይታመናል።

ጉባራ ቀድሞ ወታደር ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር የመገናኛ ክፍል አገልግለው፣ ከጦርነቱ በኋላ በተንቀሳቃሽ ሲኒማ በየመንደሩ የእርሻና የጤና ፊልም ያሳዩ ነበር። በ1974 (እ.ኤ.አ.) በሱዳን የመጀመሪያውን የግል የፊልም ስቱዲዮ አቋቋሙ፤ በስተርጅና ስቱዲዮው ተወረሰባቸው፣ የዓይናቸውንም ብርሃን አጡ። እንዲያም ሆኖ በልጃቸው በሣራ ዕርዳታ የቪክቶር ሁጎን «ምንዱባን» በፊልም ሠርተው በ2008 (እ.ኤ.አ.) ዐረፉ። ከሥራዎቻቸው ብዙዎቹ በርሊን በሚገኘው አርሰናል በተባለው የፊልም ተቋም አማካይነት ከብልሽት ድነው ወደ ዲጂታል ተለውጠዋል።