ነፃ የተባለው ጌም

በውጭ አገር የሚኖሩ እህቶች ሲደውሉልኝ ደጋግመው ከሚያነሡት ጉዳይ አንዱ የልጆቻቸው ጌም ነው። «አንዱ ጌም 70 ዶላር! ይህ ገንዘብ ማባከን አይደለም ወይ?» ይሉኛል። እኔም ዋጋው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ፈለግሁ።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጌም የሚሸጠው በካርትሪጅ ነበር። ውስጡ ያለው ቺፕ ውድ ስለነበር አንዳንዱ በአሜሪካ እስከ 80 ዶላር ይደርስ ነበር። ሲዲ ሲመጣ ማተሙ ርካሽ ሆነና 50 ዶላር የተለመደ ዋጋ ሆነ። በ2005 ወደ 60፣ በ2020 ወደ 70 ማደግ ጀመረ። የቤት ኪራዩና የምግቡ ዋጋ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ ሰው፣ ጌሙ እንዲያውም ረክሷል።

የመሥሪያው ወጪ ግን ሌላ ነው። በ1982 «ኢ.ቲ.» የተባለውን የአታሪ ጌም አንድ ሰው በአምስት ሳምንት ሠራው (ጥድፊያውም ታይቶበታል)። በ2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል ሁለት» ግን ለፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ መሠረት ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ሥራው በበዛበት ጊዜ ወደ 200 የሚሆኑ ሠራተኞች ነበሩበት።

ታዲያ ልዩነቱን ማን ይከፍላል? እርግጥ ገዢው በዝቷል። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ግን በጌሙ ውስጥ ሌላ ገበያ ከፍተዋል። «ፎርትናይት» ለመጫወት በነፃ ነው፤ ለገጸ ባሕርዩ ልብስና ጭፈራ ግን ይከፈላል። በ2022 መጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ባቀረበው ክስ፣ ተጫዋቾች ሳያስቡት በአንድ ቁልፍ ይገዙ እንደነበር፣ ልጆችም እስከ 2018 ድረስ ያለ ወላጅ ፈቃድ ገንዘብ ያወጡ እንደነበር ገለጸ። ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ ለተጫዋቾች ተመላሽ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እኔ ሰባው ዶላር ይሻለኛል። አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ ከሆነ ባልና ሚስት ተነጋግረው «አቅማችን ይፈቅዳል» ወይም «አይፈቅድም» ሊሉ ይችላሉ። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች እንኳ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ልጁ የያዘው ሳንቲም ሲያልቅ ይነሣል። «ነፃ» በተባለው ጌም ግን የሚያልቀው የአባት ካርድ ነው፤ አባትየውም የሚያውቀው ባንኩ ሲነግረው ነው።

እናንተ እህቶች፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ የሚጫወትበትን መሣሪያ ከእርሱ ጋር ክፈቱት። የባንክ ካርዳችሁ ተመዝግቦበት እንደሆነና ሲገዛ የይለፍ ቃል ይጠይቅ እንደሆነ ተመልከቱ።