ማሽኑ የማያነበው መስመር

ኮምፒዩተር ሲነሣ ስሙ ማን እንደ ሆነ፣ ሰዓቱን ከማን እንደሚጠይቅ፣ ማንን አስገብቶ ማንን እንደሚመልስ የሚነግሩት ጽሑፎች አሉ። የማዋቀሪያ ፋይሎች ይባላሉ። በሊኑክስ አብዛኞቹ «ኢቲሲ» በሚባል አንድ ማኅደር ውስጥ ተሰብስበው ይኖራሉ። ማኅደር የሚለው ቃል ለዚህ ነገር መዋሉን እወደዋለሁ፤ አባቶች የብራና መጽሐፋቸውን ከዝናብና ከአቧራ የሚያድኑበት የቆዳ ከረጢት ስሙ ማኅደር ነውና። በዚህኛው ማኅደር ውስጥ ያለውም ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ከፍቶ የሚያየው ተራ ጽሑፍ ነው። የተጠቃሚዎች ስም የሰፈረበትን ፋይል ብትከፍቱ እያንዳንዱ መስመር በሰባት ክፍል ተከፍሎ፣ በየክፍሉ መካከል ሁለት ነጥብ ተቀምጦ ታገኛላችሁ። ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ መለየት ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

እነዚህን ፋይሎች የሚያነብ ሰው ሁለት ዓይነት መስመር ይገጥመዋል። አንደኛው ለማሽኑ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው በዚህ ምልክት # የሚጀምረው ነው፤ ማሽኑ ምልክቱን ሲያይ የቀረውን ሳያነብ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገራል። ይህ መስመር የተጻፈው ለሰው ነው። ትእዛዙ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ፣ ማን መቼ እንደ ለወጠው፣ ቢነካ ምን እንደሚመጣ ይናገራል። በአብነት ትምህርት ቤት ቋንቋ ብንናገረው አንደኛው ንባብ፣ ሁለተኛው ትርጓሜ ነው።

እኔ ሮቤ ከተማ ውስጥ በአንድ የትምህርት ተቋም አርባ ማሽኖች ያሉበትን የኮምፒዩተር ክፍል እጠብቃለሁ። የባሌ ደጋ ለማሽን ይመቻል፤ ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ብርድ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም ያሰኛል። በአንድ ክረምት ማሽኖቹን ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት ሥርዓት የማምጣት ሥራ ተሰጠኝ። አርባ ማሽን በእጅ አይታረምም፤ ስክሪፕት ይጻፍለታል። ስክሪፕት ማለት ለማሽን የሚሰጥ የሥራ ተርታ ነው። ይህን ፋይል ክፈት፣ ያንን መስመር ፈልግ፣ ይህን ቃል በዚያ ተካ፣ መልሰህ ጻፍ፤ ከዚያም ወደ ሚቀጥለው እለፍ።

ከእኔ በፊት ክፍሉን የጠበቀው ሰው ጎባ ነበር የሚኖረው። በየማለዳው ከጎባ ሮቤ እየተመላለሰ ዘመኑን ጨረሰ፤ ከሦስት ዓመት በፊት አርፏል። የርክክብ ሰነድ አልተወም። የተወው በየፋይሉ የተበተኑትን የ# መስመሮች ነው። አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በቁቤ በአፋን ኦሮሞ ተጽፏል። ማሽኖቹ ሰዓታቸውን ከየት እንደሚወስዱ ከሚያዝዘው መስመር በላይ «ከሩቅ አትጠይቅ፤ መስመር ሲጠፋ አርባውም ሰዓት ይጠፋባቸዋል። ከቢሮው ማሽን ይጠይቁ» ይላል። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀመጥበትን ዲስክ ከሚጠራው መስመር አጠገብ ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ሂን ቱቂን»፤ አትንካ ማለት ነው። በአንድ ፋይል መጨረሻ ላይ ደግሞ ለማንም ትእዛዝ ትርጓሜ ያልሆነ መስመር አለ፤ «ዛሬ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አልተነሣም፤ መብራትም ሦስት ጊዜ ሄደ።»

እንዲህ ያለውን ፋይል በስክሪፕት ማረም ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ፋይሉን በትርጉሙ አንብቦ ትእዛዞቹን በማሽኑ አእምሮ ውስጥ በሥርዓት ደርድሮ፣ የሚለወጠውን ለውጦ፣ ፋይሉን እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ፈጣንና ንጹሕ ነው። ነገር ግን ትርጓሜው ይጠፋል። በፓይተን ቋንቋ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀው የታወቀ መሣሪያ፣ ፋይሉ ተመልሶ ሲጻፍ የ# መስመሮች እንደማይጠበቁ መመሪያው ራሱ ሳይደብቅ ይናገራል። ሁለተኛው መንገድ የቆየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቤል ላብራቶሪ የተወለደው «ሴድ» እንደሚያደርገው፣ ፋይሉን በመስመር በመስመር ማሳለፍ፤ የሚፈልጉትን መስመር ብቻ ይዞ ማረም፤ ሌላውን ሁሉ እንደ መጣ መልቀቅ። ይህኛው አድካሚ ነው፤ አንድ ትእዛዝ በስንት ዓይነት አጻጻፍ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ ሁለተኛውን መንገድ መምረጤን አይቶ «ጋሼ፣ ማሽኑ የማያነበውን ለማን ብለን ነው የምናስቀምጠው?» አለኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በችኮላ ያልመለስኩለትን ከዚያ ወዲህ አስቤበታለሁ።

በዓለም ያሉ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የየአገሩን ሰዓት የሚያውቁበት አንድ የጽሑፍ መዝገብ አለ። በዚህ መዝገብ አዲስ አበባ የራሷ መስመሮች ነበሯት። የከተማይቱ ሰዓት ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ እንደሚቀድም፣ ይህም እስከ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936 እንደ ጸና፣ ከዚያ ወዲህ ግን ልዩነቱ ድፍን 3 ሰዓት እንደ ሆነ ይናገሩ ነበር። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነው። ያ ሁሉ ስደትና ያ ሁሉ አርበኝነት በማሽን ዓይን የ24 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ለውጥ ነው።

የዛሬን ሰዓት ብቻ ለሚሻ ማሽን ይህም ቢሆን ትርፍ ነው፤ አዲስ አበባና ናይሮቢ ዛሬ አንድ ሰዓት ይቆጥራሉ። ስለዚህ የመዝገቡ ጠባቂዎች ከጊዜ በኋላ መስመሮቹን አነሡና አዲስ አበባን ከናይሮቢ ጋር የሚያያይዝ አንድ መስመር ተኩ። ነገር ግን አልጣሏቸውም። የድሮዎቹን መስመሮች ከነሐተታቸው ወደ ሌላ ፋይል አዛወሯቸው። ሐተታው ምን ይላል? ከ35ቱ ደቂቃና ከ20ው ሰከንድ በስተጀርባ ያለው ኬንትሮስ የአዲስ ደራ ሳይሆን እንደማይቀር መገመታቸውን ይናገራል። እስከ ሰከንድ ድረስ የተቆረጠው ቁጥር እርግጠኛ ይመስላል። መጠራጠሩ የተጻፈው በ# መስመር ነው፤ ማሽኑ ቁጥሩን አምኖ ያልፋል፣ ጥርጣሬውን የሚያውቀው ሐተታውን ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

ለወጣቱ ያለኝ መልስ ከዚህ ይነሣል። ትእዛዝ ምን እንደሚደረግ ይናገራል እንጂ ለምን እንደሚደረግ አይናገርም። ለምን የሚለው የጠፋበት ፋይል ዛሬ በደንብ ይሠራል፤ ነገ መለወጥ ሲያስፈልግ ግን ማንም አይደፍረውም፣ ወይም ሁሉም ይደፍረዋል። አባቶች ይህን ያውቁት ነበር። በአብያተ ክርስቲያናት ወርቀ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የርስትና የጉልት ውል ይጻፍ ነበር፤ ቅዳሴው አያነበውም፣ ሙግት ሲነሣ ግን የሚፈለገው እርሱ ነው። በእስልምና ትምህርትም «ሐሺያ» የሚባል የኅዳግ ሐተታ አለ፤ ተማሪ ዋናውን ጽሑፍ ከሊቃውንቱ ማብራሪያ ጋር አብሮ ይቀበለዋል።

እርግጥ ነው፣ ትርጓሜም ያረጃል። ከጎባው ሰው መስመሮች አንዱ ስለ አንድ ማተሚያ ያስጠነቅቃል፤ ማተሚያው ከተነሣ ቆይቷል። እንዲህ ያለውን መስመር ያመነ ይሳሳታል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ መፋቅ አይመስለኝም። የአንድምታ ሊቃውንት አዲስ ፍቺ ሲያገኙ የቀደመውን አይፍቁም፤ «አንድም» ብለው ከሥሩ ይጨምራሉ። እኔም ከማስጠንቀቂያው በታች ማተሚያው መነሣቱን ከነቀኑ ጻፍኩ።

ስክሪፕቱን በዚህ ሕግ ሠራሁት። የሚያውቀውን መስመር ያርማል፤ የማያውቀውን አይነካም። ያረመበት ቦታ ላይ ቀኑንና ምክንያቱን በ# ይጽፋል። አዲሱን ጽሑፍ በነባሩ ፋይል ላይ አይጽፍም፤ ሌላ ስም ባለው ፋይል ላይ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ስሙን ለውጦ በነባሩ ቦታ ያኖረዋል። መብራት በመሐል ቢጠፋ አሮጌው ሙሉ ሆኖ ይገኛል፣ ወይም አዲሱ ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ ግማሽ ገጽ አይኖርም። ቁም ጸሐፊም ቢሆን ግልባጩን ሳይፈጽም አሮጌውን ብራና አያነሣም።

የጉሙ መስመርስ? ለማሽኑ አይረባም፤ ለሚቀጥለው ጠባቂም ማስጠንቀቂያ አይሆነውም። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ከማሽኖች ጋር ውሎ፣ ከመሄዱ በፊት ለማያውቀው አንባቢ የተወው ቃል ነው። ጠቃሚ ነው ብዬ ልከራከርለት አልችልም። ይሁን እንጂ የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን ለይቶ እንዲጥል ሥልጣን የሰጠሁት ስክሪፕት የለም። በአርባው ማሽን ላይ ሲያልፍ በዚያ መስመር ላይም ይደርሳል፤ በመጀመሪያው ቦታ # ያያል፣ እንዳለ ገልብጦ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል።