ሽሽ የሚባልበት ጊዜ

በአብያተ ክርስቲያናችን ስለ ድል ብዙ ይሰበካል፤ ስለ ሽሽት ግን እምብዛም አይነሳም። ስለዚህ ብዙ ወጣት የገጠመውን ሁሉ በጸሎት ታግሎ የሚጥለው ይመስለዋል።

ይህን ያሳሰበኝ ለእረፍት ከአዲስ አበባ ወደ እኛ፣ ሐረር፣ የመጣው የእኅቴ ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከብበው፣ ዳይስ እየጣሉ የጀግኖች ታሪክ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የታተመው «ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የዚህ ዓይነት ጨዋታ ፈር ቀዳጅ ነው። (በ1980ዎቹ የአሜሪካ ክርስቲያኖች ብዙ ተከራክረውበታል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።) ልጁ የጨዋታው መሪ ነው። «አጎቴ፣ ትልቁ ችግሬ ፊታቸው ያቆምኩት አውሬ ሁሉ እንዲያሸንፉት የመጣ ይመስላቸዋል» አለኝ። «አደገኛ ይመስላል» ቢላቸው ጭራሽ ሰይፍ ይመዛሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ከእነሱ የሚበረቱ ተዋጊዎች ወድቀው እንዲያገኙ ያደርጋል፤ ካልገባቸውም «ይህን አትችሉትም፤ መውጫው በዚህ ነው» ይላቸዋል።

ሐረር ከጅብ ጋር ለምዳ የኖረች ከተማ ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት የጁገል ግንብ ሥር እንኳ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ማታ ልጁን ጅብ ሲመገብ ልናሳየው ወሰድነው። ሥጋውን በእንጨት አድርጎ ካጎረሰ በኋላ «ለካ ለማዳ ነው!» አለ። ባለቤቴ ያደገችው ገጠር ነው፤ ሳቋን አቆመች።

«ስማኝ ልጄ፣ ይኼ ሰው የሚበላ አውሬ ነው። ብቻህን መንገድ ላይ ካገኘኸው አትጠጋው፤ ቅርብ ያለው ቤት ግባ።»

«ተጠንቀቅ» ብላ አላለፈችም። አውሬው ምን እንደሚያደርግና ወዴት እንደሚገባ ነገረችው።

በዘፍጥረት 39 ዮሴፍ ከጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ጥሎ ሸሸ። ሽሽቱ ወህኒ አስገብቶታል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥18 ስለ ዝሙት ሲጽፍ ሽሹ እንጂ ሞክሩት አላለም። እኛ ባለትዳሮች ግን የትዳር ጓደኛችን ከሥራ ባልደረባው ጋር እኩለ ሌሊት መልእክት ሲጻጻፍ እያየን «ብቻ ጠንቀቅ በል» ብለን እንተኛለን። እሱም ጥንካሬውን የሚያሳይበት ፈተና አድርጎ ይወስደዋል።

እኔና ባለቤቴ አንድ ስምምነት አለን። አንዳችን «ይህን አትችለውም» ወይም «አትችዪውም» ካልን ሌላው መጀመሪያ ይወጣል፤ «ለምን?» ብሎ የሚከራከረው ቤት ከገባ በኋላ ነው።